አባቴን የሚያስቀር ውሃ

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ቦግ ስትል፣ ከዳርቻው ፊላ የሚነሣ አንድ ሽታ አለ፤ ከፊሉ የሣር፣ ከፊሉ የጭቃ፣ ትንሽም የከብት በረት የሚመስል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈው፤ እኔ ግን ሥራ እየረፈደብኝ እንኳ ቢሆን ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ያ ሽታ የልጅነት ቤታችን የጓሮ ግድግዳ ሽታ ነው። ሮቤ ነበር የምንኖረው፤ ሰው ሁሉ ስለ ገብስ፣ ስለ ስንዴና ስለ ፈረስ በሚያወራበት፣ ጀልባ በሥዕል ካልሆነ በማይታወቅበት በዚያ ደጋ፣ የእኛ ግድግዳ ላይ ከጣሪያው የሚበልጥ ታንኳ ተደግፎ ይቆም ነበር።

አባቴ የጣና ዳር ልጅ ነው። ወታደር ሆኖ ጎባ መጥቶ፣ እናቴን አግብቶ፣ እኔን ወልዶ፣ በኋላ መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን፣ ጓደኞቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደየአገራቸው ሲሄዱ እሱ ብቻውን ቀረ። ለእኛ ብሎ ነው የቀረው። ይህን እናቴም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ እሱ ግን አንድም ቀን ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። ወደ ሮቤ ወርደን ወፍጮ ቤት ተቀጠረ፤ ማታ ማታ እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ ይመጣና፣ ታጥቦ፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ መንገዱን እያየ ዝም ይል ነበር። ዝምታው የኩርፊያ አልነበረም፤ ኩርፊያ ቢሆን እኮ ተለማምጦ ማስታረቅ ይቻላል። እናቴ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ፤ እኔም ትምህርት ቤት በኦሮምኛ መማር ጀምሬ ነበር። አባቴ ሰላምታውን አሳምሮ ይጀምርና ጥቂት እንደሄደ ቃል ያልቅበት ነበር። ደብተሬን ሳሳየው ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ «በርቺ ልጄ» ብሎ ይመልስልኛል፤ ጽሑፉ እንደማይገባው ስለማውቅ ሆዴ ይባባ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ለጎረቤታችን ለኦቦ ከድር ስትናገር ሰማኋት። ኦቦ ከድር ባለ ጋሪ ናቸው፤ አፋቸው የማያርፍ፣ ልባቸው ግን ቅቤ የሆነ ሰው። «ሰውየው እዚህ ያለው ሥጋው ብቻ ነው» አለቻቸው፤ «አንድ ቀን ብድግ ብሎ ወደ ሐይቁ ይሄድብኛል።» እሳቸውም፣ «እዚህ ውሃ ቢያገኝ ይቀመጥ ነበር፤ የውሃ ልጅ ነዋ!» አሏት። እንዲያው ለወግ ያህል የተናገሩት ይመስለኛል። እኔ ግን የምሬን ያዝኩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአባቴ የሚበቃ ውሃ ከመፈለግ በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ክረምቱ ወጣ እንዳለ አባቴ ማጭድ ይዞ ረግረግ እየወረደ ፊላ ያጭድ ጀመር። እናቴ የሚያፈሰውን ማድቤት ሊከድንላት መስሏት ደስታዋን አልቻለችውም ነበር። እሱ ግን ፊላውን ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ በቃጫ ገመድ ጠፍሮ፣ በእግሩ እየረገጠ አጥብቆ፣ አንዱን እስር ከሌላው ጋር አጋምዶ፣ የፊት አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ያለ ታንኳ ሠራ። በአገሩ የሚሠራው በደንገል ነው፤ ደንገል ባሌ ከየት ይምጣ? ፊላውም አልበቃ ሲለው ሆዱን በገብስ አገዳ ሞላው። ኦቦ ከድር በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «ማል ከነ?» አሉ፣ ምንድን ነው ይሄ ማለታቸው ነው።

«ታንኳ ነው» አለ አባቴ።

«ኑሕ ዐለይሂ ሰላም እንኳ በእንጨት ነው የሠሩት! አንተ በገለባ? ዋላሂ፣ ይሄን ፈረሴ ይበላዋል እንጂ ሰው አይጫንበትም።»

እውነታቸውን ነበር። በጋሪያቸው ወደ ሻያ ወንዝ ወስደነው፣ ፈረሱን ፈትተው ገና ዞር ከማለታቸው፣ የታንኳውን አፍንጫ ገምጦ ሲያላምጥ አገኘነው።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ሻያ አሁንም ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ እያጉረመረመ ነበር የሚወርደው። አባቴ እኔን ከፊት አስቀመጠኝ፤ እሱ ከኋላዬ ተንበረከከና የቀርከሃ መቅዘፊያውን ያዘ። «ወደ ኋላ እንዳትዞሪ» አለኝ፤ «ከዞርሽ ትገለብጪናለሽ።» ውሃው ገና ሲነካን አፈፍ አድርጎ ወሰደን፤ ኦቦ ከድር ዳር ዳሩን እየሮጡ፣ «ያ ረቢ! ልጅቷን አውርዳት፣ አንተ እብድ!» እያሉ ሲጮኹ፣ እኔ እናቴ ብታየን ምን እንደምታደርገን እያሰብኩ በሳቅ ልሞት ነበር። በዚያ መሐል ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ፤ አባቴ እየዘፈነ ነበር። አባቴ! ዞሬ ላየው ምንም ያህል ቢያምረኝ አንገቴን ገትሬ ወደ ፊት አየሁ። መታጠፊያው ላይ ቁጥቋጦ ይዞ ካወጣን በኋላ የቀሚሴን ጫፍ እየጨመቀልኝ፣ «ይሄ ውሃ መንገደኛ ነው» አለ። «ይቸኩላል። እኔ የለመድኩት ቁጭ የሚል ውሃ ነው።»

ቁጭ የሚል ውሃ። ነገሩን በልቤ ያዝኩት።

ታንኳው ከውሃ በወጣ ቁጥር ቀጥ አድርጎ አቁሞ ማንጠፍጠፍ ግድ ነው፤ ተኝቶ ካደረ ይበሰብሳል። እያንጠፈጠፈ ግድግዳችን እስከ ወገቡ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ ሽታው ደግሞ መኝታ ቤት ድረስ ይገባል። እናቴ ታማርራለች፣ እኔ ግን ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ በመጀመሪያ የምፈልገው ያንን ሽታ ነበር። ታንኳው እስከቆመ ድረስ አባቴ አልሄደም ማለት ነው፤ ያለ ታንኳ ጣና መድረስ እንደማይቻል ራሴን አሳምኜ ነበር። የሰፈሩ ልጆች «የገለባው ልጅ» እያሉ ያላግጡብኝ ስለነበር አብሬያቸው መጫወቱንም ተውኩት፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብቻዬን ከታንኳው ሥር ገብቼ እቀመጥ ነበር።

ኅዳር ገብቶ፣ ገብሱ ቢጫ ሆኖ አጨዳ ሲጀመር፣ አዲሱ እህል እስኪወቃ ወፍጮ ቤቱ ሥራ ስለሚቀዘቅዝለት፣ አባቴ እኔንና ታንኳውን ይዞ ወደ ዲንሾ በኩል ወደ ወይብ ወንዝ ይወጣ ነበር። ወይብ በዚያ ወራት ጥሩ ጠባይ አለው፤ ሜዳው ላይ እየተጠማዘዘ፣ እየተኛ፣ እየተነሣ ነው የሚሄደው። እዚያ ነው አባቴ አፉን የፈታው። ስለ እናቱ ያወራኝ ነበር፤ ልጅ ሆኖ ታንኳ ይዞ ሲያመሽ ዳር ላይ ቆማ ስሙን እንዴት አድርጋ እንደምትጣራ፣ እሱም እየሰማ ሆን ብሎ ዝም እንደሚል፣ ድጋሚ እንድትጠራው ብሎ። ስለ ማዕበሉ ያወራል፣ አሣ አጥማጅ ስለነበረው ታላቅ ወንድሙ ያወራል፣ የፈራበትን ቀን ሳይቀር ይነግረኛል። እኔ ከፊት ሆኜ፣ ወፎቹን እያየሁ፣ «ከዚያስ አባዬ?» እላለሁ። ይህ ሁሉ ወሬ ቤት ስንገባ ድራሹ ይጠፋል። ፊቴን ስለማያየው፣ እኔም ፊቱን ስለማላየው እንደሆነ ኋላ ነው የገባኝ፤ የሚያወራው ለጀርባዬ ነበር። ለዚያ ስል ነው ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ፣ ሳልነቃነቅ መቀመጥ የተማርኩት።

«ይሄስ አባዬ? ይሄ ጥሩ ውሃ አይደለም?» አልኩት አንድ ቀን።

«ጥሩ ነው። ግን ታያለሽ፣ ማዶው ቅርብ ነው። ከዚህ ሆነሽ እዚያ ማዶ ያለውን የበሬ ቀንድ ታያለሽ። ውሃ ማለት ማዶው ሲርቅ ነው።»

ቁጭ የሚል፣ ማዶው የራቀ። ይህን ይዤ ኦቦ ከድር ዘንድ ሄድኩ። ጋሪያቸውን እያጠቡ ነበር፤ ለምን እንደምፈልገው ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ለቀልድ ያዘጋጁትን አፋቸውን መልሰው ዘጉት፤ እንዲያ ሲሆኑ አይቼ አላውቅም። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ሳነቴ አምባ ላይ ውሃ ሞልቷል፤ ግን ብዙው በበጋ የሚደርቅ ኩሬ ነው። ቁጭ የሚል ከሆነ የምትፈልጊው ገርበ ጉራቻ ነው፣ ጥቁሩ ሐይቅ። እኔ እወስዳችኋለሁ።» ለአባቴም፣ «ጣና፣ ና እስቲ የእኛን ጣና ላሳይህ!» ብለው በነገር ወጋ አድርገው አስነሡት።

ታኅሣሥ ነበር። ጎባ ዘመዶቻቸው ቤት አድረን፣ ታንኳውን አፉ በከረጢት በታሰረ ፈረስ ላይ ጭነን፣ የቶጎናን ሸለቆ ይዘን ወጣን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጭጋጉ ላይ ላዩን እየሸሸ፣ ጅብራ የሚባለው ረጅሙ የደጋ ተክል እንደ ለቅሶ ደራሽ ቆሞ እያየን፣ ኦቦ ከድር እንኳ መቀለዱን ትተው እየተነፈሱ፣ ፀሐይ ከፍ ስትል ደረስን። ሐይቁ በገደል ታቅፎ ተቀምጧል። ጥቁር ነው። ነፋስ አልነበረም፣ አንድ ጥንድ ዳክዬ ከዳር ሆኖ ያየናል፣ ሌላ ሕይወት ያለው ነገር የለም። ኦቦ ከድር፣ «እኔ ዱዓ እያደረግኩ እጠብቃችኋለሁ» ብለው ዳር ቀሩ።

መሐል ስንደርስ አባቴ መቅዘፉን ተወ። ታንኳው ትንሽ በራሱ ሄደና ቆመ፤ ከመቅዘፊያው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማ ነበር። ቁጭ ያለ ውሃ ነው። ማዶውም ቢሆን ከሌሎቹ ይርቃል። «አባዬ፣ ይሄ ይበቃል?» አልኩት።

«ለምኑ?»

«እንዳትሄድ።»

 ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ገመዱን አጥብቄ ይዣለሁ፤ መዞር አልችልም፣ ከዞርኩ እንገለበጣለን። ከኋላዬ ታንኳው ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሳቅ፣ ግን ሳቅ እንዳልሆነ አወቅኩ። ልዞር ስል፣ «ወደ ኋላ አትዙሪ አልኩሽ» አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። ኧረ እንዴት ክፉ ነገር ነው፣ የአባት ልቅሶ ከጀርባ ሲሰማ! ከዚያ መቅዘፊያው ውሃውን ሲመታ ሰማሁ፤ ወደ ዳር ተመለስን።

ጥምቀት እንዳለፈ፣ ሹፌር የሆነ አንድ የድሮ የጦር ጓደኛው ከጣና በኩል ሮቤ ስንዴ ሊጭን መጥቶ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ገባና፣ «እናትህ አልጋ ይዛለች፤ ስምህን እየጠራች ነው» አለው። እናቴ በሶ ጨበጠችለት። አባቴ ታንኳውን በእጁ ዳብሶ፣ እግሩ ሥር ድንጋይ አስደግፎ፣ «አደራ፣ እንዳይወድቅ» አለኝ። እኔ ደግሞ ታንኳውን ትቶ ከሄደ ይመለሳል ብዬ ተጽናናሁ። ትቶት መሄዱ ራሱ እንደማይመለስ የሚያሳይ ሊሆን እንደሚችል የመጣልኝ አልጋዬ ውስጥ ገብቼ ነው፤ ያኔ ብርድ ልብሱን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስኩ።

የካቲት አለፈ፤ ወሬ የለም። መጋቢት ገባ፤ የበልጉ ዝናብ ቀረ። ሣሩ ሥሩ ድረስ ነደደ፤ ከጎሮ ገበያ የሚመጡ ሰዎች በየመንገዱ የወደቀ ከብት እንዳዩ ያወሩ ነበር። እኛ ቡሬ የምትባል አንዲት ላም ነበረችን፤ ጥጃዋን በቅርቡ ወልዳ አጥንቷ ይቆጠራል፤ ከተኛችበት ተነሥታ ለመቆም እንኳ እናቴ ጅራቷን ይዛ ማገዝ ነበረባት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ በጓሮ ተንበርክካ፣ የታንኳውን ገመድ በቢላዋ እየበጣጠሰች፣ የገብሱን አገዳ እየመዘዘች ለቡሬ ስትሰጥ ደረስኩ። ጮኼ እጇን ያዝኩ።

«እማዬ፣ አባዬ ሲመጣ ምን እንለዋለን? ታንኳው ከሌለ አይመጣም!»

እናቴ ቢላዋውን መሬት ላይ ሰካችና አየችኝ። ከብዷት እንደኖረ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። «ለሣር ብሎ የሚመለስ ባል አልፈልግም!» አለች። «ለእኔና ለአንቺ ብሎ ከመጣ ይምጣ። እንስሳ እየራባት እያየሁ መኖ ግድግዳ ላይ አቁሜ አልቀመጥም፤ ከእኔ አይሆንም!» ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ቡሬ ግን ግድ ሳይሰጣት ታላምጥ ነበር። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተፈታ፣ መጀመሪያ አገዳው፣ ቀጥሎ ፊላው፣ በመጨረሻ አፍንጫው አለቀና ግድግዳው ላይ አረንጓዴው ጥላ ብቻ ቀረ። እሱም ደርቆ ሽታውን ተወ።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ደረሰ። ሰው ሁሉ እርሻ ላይ በነበረበት በአንድ ከሰዓት የኦቦ ከድር ጋሪ ደጃችን ላይ ቆመና፣ «የጠፋ ዕቃ አምጥቻለሁ፣ ባለቤት ካለው!» ሲሉ ሰማሁ። አባቴ ነበር። ከስቷል፣ ጸጉሩን በሐዘን ተላጭቷል። አቅፎኝ ብዙ ከቆየ በኋላ ዓይኑ ወደ ግድግዳው ሄደ።  እናቴ የሞላ የወተት ኩባያ አምጥታ እጁ ላይ አኖረች። ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ «ታንኳዬስ?» አለ።

«እየጠጣኸው ነው» አለችው እናቴ።

ኩባያውን አየ፤ ከበረት ብቅ ያለችውን ቡሬን አየ፤ ግድግዳውን አየ። ከዚያ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ፣ ወገቡን ይዞ፣ ቡሬ እስክትደነግጥ ድረስ ሳቀ፤ ኦቦ ከድርም፣ «ፈረሴ ይበላዋል ብዬ ነበር፣ ላሚቱ ቀደመችው!» እያሉ ጋሪያቸውን ይደበድቡ ነበር። ሲረጋጋ፣ «እናቴን በእጄ ቀበርኳት» አለን። «የሚጠራኝ አለቀ። የትውልድ ሰፈሬ ልጆች እኮ የባሌው ሰው እያሉ ነው የሚጠሩኝ። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ እናንተን አሰብኩ፤ ቡሬ ወልዳ ይሆን አልኩ። በማግሥቱ ተነሣሁ።»

እንግዲህ የተመኘሁት ሆነ። አባቴ ቀረ፤ ለውሃ ብሎ ሳይሆን ለእኛ ብሎ። መስከረም ጠብቶ ፊላው ሲያድግ፣ «አባዬ፣ ፊላው ደርሷል» አልኩት። «ዘንድሮ እንኳን ገብሱን እናድርስ እስቲ» አለኝ፤ ከኦቦ ከድር ጋር የእኩል መሬት ይዞ ነበር። በሚቀጥለውም ዓመት ጠየቅኩት፤ ከዚያ መጠየቁን ተውኩት። ማታ ማታ ደጃፉ ላይ ከኦቦ ከድር ጋር ቁጭ ብሎ፣ በተሰባበረው ኦሮምኛው ስለ ዝናብና ስለ ዋግ እየተከራከረ ይስቅ ነበር። ደስተኛ ሆነ፤ እናቴም አማረባት። እኔም ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው፤ ግን ከዚያ ወዲያ አባቴ በሻያና በወይብ ላይ ለጀርባዬ ያወራልኝ የነበረውን ዓይነት ወሬ አንድም ቀን አላወራኝም። ውሃው ከእሱ ወጥቶ እኔን ያዘኝ። አብሮኝ የሚሄድ ሰው ግን አልነበረም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዬን ሻያ ወርጄ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እመለስ ነበር።

አድጌ ሥራ ሐዋሳ ሲደርሰኝ፣ አባቴ ሸምግሎ አንድ ጊዜ ሊጠይቀኝ መጣ። ሐይቁ ዳር ወስጄ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኩት። ቁጭ ያለ ውሃ ነው፣ ማዶው የራቀ። ስንት ዓመት የፈለግኩለት ውሃ ነው! እጄን ይዞ ረጅም ጊዜ አየውና፣ «ጥሩ ውሃ ነው» አለ። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ሲል ወደ ሰማዩ ቀና ብሎ፣ «ዛሬ ሮቤ ዘንቦ ይሆን?» አለኝ። ሳምንቱን ሳይጨርስ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አሁን እዚያው ሮቤ ነው ያረፈው፤ መቃብሩ ዳር የገብስ ማሳ አለ።

እኔ እዚህ አለሁ። ያኔ አንድ እስር ፊላና ገለባ ይዘን ውሃ ፍለጋ አገር እናቋርጥ ነበር፤ ዛሬ ውሃው ከቤቴ ደጅ ነው፣ ጀልባው በሞተር ነው፣ የሚፈልገው ሰው ነው የሌለው። አንዳንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ለብቻዬ እሳፈራለሁ። ሁልጊዜ ከፊት፣ አፍንጫው ላይ ነው የምቀመጠው። ባለ ጀልባው ልጅ ባለፈው አዝኖልኝ መሰለኝ፣ «እትዬ፣ ዘና ይበሉ፣ ወደዚህ ዞረው ይቀመጡ፤ ይሄ ጀልባ አይገለበጥም» አለኝ።

«ልማድ ነው» አልኩት። ሞተሩን እንዲያጠፋልኝ ለመንኩትና ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ፣ ወደ ኋላ ሳልዞር ጠበቅኩ።